ድምፅ እኩል በሆነ ጊዜ

ስለ ገጠር ምክር ቤት ምርጫ ውጤት ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

የምርጫ ውጤት በአደባባይ ሲነበብ ሕዝቡ በጆሮው የሚቀበለው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። እገሌ ይህን ያህል ድምፅ አገኘ፤ እገሊት ይህን ያህል አገኘች፤ ስለዚህ የተመረጠው እገሌ ነው ይባላል። ደስ ያለው እልል ይላል፤ ያዘነውም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን ያ ቍጥር ከመነበቡ በፊት በብዙ ሰዎች እጅ ያለፈ፣ የተቈጠረና የተመረመረ ነው። ያለፈበትን መንገድ የማያውቅ ሰው ውጤቱን ቢያምንም በወሬ ያምናል፤ ቢጠራጠርም በወሬ ይጠራጠራል። መንገዱን ያወቀ ሰው ግን ወገኑ ቢሸነፍ እንኳ የተሸነፈበትን ምክንያት ለልጆቹ ማስረዳት ይችላል።

ይህ መንገድ ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚታየው ሁለት ተወዳዳሪዎች ትክክል ድምፅ ባገኙ ጊዜ ነው። አንዱ በሺህ ድምፅ ሲበልጥ፣ በቈጠራው ውስጥ ጥቂት ስሕተት ቢኖር እንኳ ነገሩን አይለውጠውም፤ የሚከራከርም አይኖርም። አንዱና ሌላው እኩል በሆኑ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ወረቀት እንደ ወርቅ ይመዘናል፤ ሕጉም፣ ሹሙም፣ ታዛቢውም ይፈተናሉ። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት የተመረጠው ምሳሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኖርዘምበርላንድ የተደረገው የምክር ቤት ምርጫ ነው። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኖርዘምበርላንድ ከእንግሊዝ ክፍለ አገሮች ሁሉ ወደ ሰሜን ጫፍ ያለው፣ ከስኮትላንድ ጋር የሚዋሰን ነው። ስፋቱ 5,000 ስኩየር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ2021 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የተገኘው ነዋሪ 320,000 ያህል ብቻ ነበረ። በእንግሊዝ አገር ሕዝቡ እንደዚህ ተራርቆ የሚኖርበት ሌላ ክፍለ አገር የለም። ምዕራቡ ቼቪዮት የሚባለው ተራራና የበግ ማሰማሪያ ነው፤ የሮማ ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በ122 ዓ.ም. ማሠራት የጀመረው የድንጋይ ቅጥርም በደቡቡ በኩል ያልፋል። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወረድ ግን ቀድሞ የድንጋይ ከሰል የሚቈፈርባቸው ከተሞች አሉ፤ ብላይዝ የተባለችው ወደብ ከነዚህ አንዷ ናት። እንግዲህ በአንድ ምክር ቤት ውስጥ በግ አርቢውና የከሰል ቈፋሪው ልጅ ጐን ለጐን ይቀመጣሉ ማለት ነው። የገጠር ምክር ቤት ሲባል ሁሉም ሰው ገበሬ የሆነበት መስሎ የሚታየው አለ፤ ነገሩ በየትም አገር እንደዚያ አይደለም። በገጠሩ መካከል የገበያ ከተማም፣ የወደብ ከተማም ይኖራል፤ የአንዱ ድምፅ የሌላውን መንገድና ትምህርት ቤት ይወስናል።

በቀድሞ ጊዜ በዚህ ክፍለ አገር ከላይ አንድ ታላቅ ምክር ቤት፣ ከሥሩም ስድስት የወረዳ ምክር ቤቶች ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ስድስቱ ቀርተው ሥራው ሁሉ ለአንዱ ተሰጠ። ትምህርት ቤትን፣ መንገድን፣ የሽማግሌዎችንና የደካሞችን መጦሪያ፣ የቤት ሥራ ፈቃድን፣ ቤተ መጻሕፍትን፣ ጥራጊ ማንሣትንም ሳይቀር የሚያስተዳድር እርሱ ነው። አባሎቹም በ2017 ዓ.ም. 67 ነበሩ፤ የሚመረጡትም ለአራት ዓመት ነው።

ምርጫው የተደረገው ሐሙስ ሜይ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በኛ ሚያዝያ 26 ቀን 2009 ዓ.ም. ይሆናል። በዚያ አገር የምርጫው ቤት በኛ አቆጣጠር ከጧቱ 1 ሰዓት ተከፍቶ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይቈያል። በሩ ከመከፈቱ በፊት የቤቱ ኃላፊ ሣጥኑን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ለተገኙት ሰዎች ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ያትመዋል። መራጩ የዕጩዎቹ ስም የታተመበትን ወረቀት ተቀብሎ ወደ መከለያው ይገባል፤ ከወደደው ሰው ስም አንጻር የመስቀል ምልክት ያደርጋል፤ አጥፎም በሣጥኑ ይጨምረዋል። ማን ማንን እንደ መረጠ የሚያውቅ የለም።

ይህ የምሥጢር ነገር ለገጠር ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማስተዋል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር እስከ 1872 ዓ.ም. ድረስ ለፓርላማ የሚመርጥ ሰው የሚመርጠውን ሰው ስም በሕዝብ ፊት በቃሉ ይናገር ነበር። ጭሰኛው በባለርስቱ ፊት ቆሞ ሲናገር ባለርስቱ የማይወደውን ስም ለመጥራት የሚደፍር ብዙ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን እንዳይነጠቅ ይፈራልና። በ1872 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ድምፅ በወረቀት፣ በምሥጢርም እንዲሰጥ ታዘዘ። ይሁን እንጂ በመንደሩ ሸንጎ ነገሩ እንዲሁ በአንድ ቀን አልተለወጠም። በ1894 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ከ300 ነዋሪ በላይ ባለው የገጠር አጥቢያ ሁሉ ምክር ቤት እንዲቋቋም ታዘዘ፤ ያገቡትም ያላገቡትም ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ተፈቀደላቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ምርጫ የሚደረገው በስብሰባ ላይ እጅ በማንሣት ነበር፤ በወረቀት ይሁንልን ብሎ የሚጠይቅ ሲገኝ ብቻ በወረቀት ይደረጋል። በዚያ በዴሴምበር ወር የእርሻ ሠራተኛው፣ ቄሱና ባለርስቱ በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ተሰብስበው ሳለ የእያንዳንዱ እጅ ለሁሉ ይታይ ነበር። በትልቅ ከተማ ሰው በብዛቱ ይሸሸጋል፤ በመንደር ግን የሁሉም እጅ ይታወቃል። ከዚህ የተነሣ የምሥጢር ወረቀት ከከተሜው ይልቅ ለባላገሩ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ቈጠራውም ይህን ምሥጢር የሚጠብቅ ሥርዐት አለው። ከአንድ ሣጥን የወጣው ወረቀት ከሌላ ወረቀት ጋር ሳይቀላቀል ድምፁ አይቈጠርም። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ አርባ ቤት ካለበት ከአንድ መንደር የመጣ ሣጥን ለብቻው ቢቈጠር፣ ያ መንደር በሙሉ ለማን እንደ ሰጠ ይታወቅና ቂም ይያዝበታል። ከመቀላቀሉ በፊት ግን የወረቀቱ ብዛት ብቻ ይቈጠራል። በምርጫው ቤት የነበረው ኃላፊ ምን ያህል ወረቀት እንደ ተቀበለ፣ ምን ያህሉን ለመራጭ እንደ ሰጠ፣ ምን ያህሉ እንደ ተበላሸ፣ ምን ያህሉም እንደ ተረፈ ጽፎ ያስረክባል፤ በሣጥኑ ውስጥ የተገኘው ከዚህ ጽሕፈት ጋር ይተያያል። እህል ወደ ጐተራ ሲገባ በቍና ተሰፍሮ ሲወጣም በዚያው ቍና እንደሚሰፈር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ዕጩ የተሰጠው ድምፅ ይለያል። ወረቀቶቹ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራሉ፤ በጀርባቸው ያለው ቍጥር እንዳይታይ ነው። የዕጩዎቹ ወኪሎች ቆመው ይመለከታሉ፤ በወረቀቱ ላይ እጃቸውን ማሳረፍ ግን አይፈቀድላቸውም።

ለብዙ ክርክር ምክንያት የሚሆነው አጠራጣሪው ወረቀት ነው። በእንግሊዝ ሕግ አንድ ወረቀት የሚጣለው በአራት ምክንያት ነው፤ የመንግሥቱ ምልክት የሌለበት ሲሆን፣ ከተፈቀደው ቍጥር በላይ ሰው የተመረጠበት ሲሆን፣ መራጩ ማን እንደ ሆነ የሚያስታውቅ ጽሕፈት ያለበት ሲሆን፣ ወይም ምንም ምልክት ያልተደረገበት ወይም ለማን እንደ ተሰጠ የማይታወቅ ሲሆን ነው። ነገር ግን በመስቀል ፈንታ ሌላ ምልክት ያደረገ ሰው አሳቡ ግልጥ ከሆነ ድምፁ ይቈጠርለታል። የሕጉ መንፈስ ሰውየውን በብዕር አያያዙ ለመቅጣት ሳይሆን ፈቃዱን ለማወቅ ነውና። ሹሙ የጣለውን ወረቀት የተጣለ ብሎ ይጽፍበታል፤ ወኪሉ አይገባም ብሎ ከተከራከረም መቃወሙ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ተቃውሞው ባይሰማለት እንኳ ተጽፎ ይቀመጥለታል። በብዙ አገር ጠብ የሚነሣው ሰው ስለ ተሸነፈ አይደለም፤ ቃሉን የሚጽፍለት ስላጣ ነው።

አሁን ወደ ኖርዘምበርላንድ እንመለስ። ከምርጫው በፊት፣ ይኸውም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከ67ቱ ወንበር 32ቱን የያዘው ሌበር የሚባለው የሠራተኞች ወገን ነበረ። ኮንሰርቫቲቭ የሚባለው ወግ ጠባቂው ወገን 21፣ ሊበራል ዴሞክራት የሚባለው 11፣ ከማንም ወገን ያልሆኑት ደግሞ 3 ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ሣጥኑ ተከፍቶ ቈጠራው ሲቀጥል ኮንሰርቫቲቩ ወገን በብዙ ስፍራ እያሸነፈ ሄደ። ውጤቱ ሊፈጸም ሲቃረብ 33 ወንበር ሆነለት። 67 ለሁለት ሲከፈል 33 ተኩል ነው፤ እንግዲህ ከእኩሌታ በላይ ለማግኘት 34 ያስፈልጋል። የጐደለው አንድ ብቻ ነበረ።

ያም አንድ ወንበር ደቡብ ብላይዝ የተባለው የምርጫ ክልል ሆነ። በዚያ የሊበራል ዴሞክራት ዕጩ የነበረችው ሴት 356 ድምፅ አገኘች፤ የኮንሰርቫቲቭ ዕጩ የነበረውም ሰው 356 አገኘ። ወረቀቱ ዳግመኛ ተቈጠረ፤ ሦስተኛም ተቈጠረ፤ የሁለቱ ድምፅ ግን እኩል ሆኖ ቀረ። አምስት ሺህ ስኩየር ኪሎ ሜትር የሚያህል አገር ለአራት ዓመት በማን እጅ እንደሚተዳደር ሊወሰን የቀረው በነዚህ 712 ወረቀቶች ላይ ነበረ፤ ወረቀቶቹም እኩል ለእኩል ተከፍለው አንመልስም አሉ።

እንደዚህ ባለ ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ የሚያዝዘው ዕጣ እንዲጣል ነው። ሌላ ቀን አይቀጠርም፤ ሹሙ በዚያው ጊዜና በዚያው ስፍራ ዕጣውን ይጥላል፤ ዕጣው የወጣለትም ሰው አንድ ድምፅ እንደ ተጨመረለት ሆኖ ይቈጠራል። በደቡብ ብላይዝ ዕጣው የተደረገው በሁለት ቀጫጭን አገዳ ነበረ፤ አንዱ ረዘም ያለ፣ ሌላው አጠር ያለ። ረጅሙን የመዘዘችው የሊበራል ዴሞክራቷ ዕጩ ሆነች። ስለዚህ ኮንሰርቫቲቭ 33፣ ሌበር 24፣ ከማንም ወገን ያልሆኑት 7፣ ሊበራል ዴሞክራት 3 ሆነው ውጤቱ ተዘጋ። አጭሩ አገዳ በሌላው እጅ ቢቀር ኖሮ ምክር ቤቱን ለብቻው የሚያዝዝ ወገን ይገኝ ነበር። ኮንሰርቫቲቩ ወገን አስተዳደሩን መያዙ ባይቀርም፣ የያዘው ከእኩሌታ ባነሰ ቍጥር ስለ ሆነ ማናቸውንም ውሳኔ ለማሳለፍ ከራሱ ወገን ውጭ ቢያንስ የአንድ ሰው ፈቃድ ያስፈልገው ነበር።

ይህን የሚሰማ ሰው፣ በተለይም ዕድሜው የገፋ ሽማግሌ፣ ይህ ያህል ታላቅ ነገር እንዴት በአገዳ ይወሰናል ብሎ ሊያዝን ይችላል። ሐዘኑ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በዕጣው ፈንታ ምን ይደረግ ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል። ምርጫውን እንደ ገና ማድረግ ይቻላል የሚል ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም በሁለተኛው ቀን የሚመጣው መራጭ የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ሰምቶ የሚመጣ ነው። ለአንዱ ድምፅ ብሎ ጉቦ የሚሰጥ፣ የሚያስፈራራም ይነሣል፤ አንድ ድምፅ ይህን ያህል ዋጋ እንዳላት ሁሉ አውቋልና። ሹሙ ይፍረድ የሚልም ሊኖር ይችላል። ይህስ በእንግሊዝ አገር ተሞክሯል። በ1886 ዓ.ም. ለፓርላማ በተደረገው ምርጫ አሽተን አንደር ላይን በተባለችው ከተማ ሁለቱ ዕጩዎች እያንዳንዳቸው 3,049 ድምፅ አገኙ። የዚያን ጊዜው ሕግ ሹሙ ራሱ መራጭ ከሆነ በእኩል ጊዜ አንድ ድምፅ እንዲጨምር ይፈቅድለት ስለ ነበረ፣ ሹሙ ድምፁን ለኮንሰርቫቲቩ ዕጩ ሰጠ፤ እርሱም ፓርላማ ገባ። ሕጉ ተፈጸመ፤ ነገር ግን ከ6,000 በላይ የሆኑ መራጮች የደከሙበትን ነገር የአንድ ሰው ፈቃድ ዘጋው። ሹሙ የወደደውን እንጂ ሕዝቡ የወደደውን አልሾመም የሚለውን ሰው አፍ ለመዝጋት የሚቻል አልነበረም። በኋላ የወጣው ሕግ ይህን ሥልጣን ከሹሙ ወስዶ ለዕጣ ሰጠው። ዕጣ ወዳጅ የለውም፤ ዘመድ የለውም፤ የሚሾመውም የሚሻረውም ሰው የለም። ዕጣ የወጣበት ሰው ሊያዝን ይችላል፤ የሚቀየመው ሰው ግን አያገኝም።

ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ ሽማግሌ እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ወንድማማች የአባታቸውን ርስት ሲካፈሉ፣ መሬቱ በገመድ ተለክቶ በተቻለ መጠን እኩል እኩል ከተደለደለ በኋላ፣ ማን የትኛውን ይውሰድ የሚለው በዕጣ ይወሰን ነበር። እያንዳንዱ ወራሽ ጠጠር ወይም እንጨት ወይም ሌላ ምልክት ያስይዛል፤ የማን ምልክት የትኛው እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ልጅ፣ እያነሣ በየድርሻው ላይ ያስቀምጣል። ዕቁብተኞችም የሳምንቱን ገንዘብ ማን ይውሰድ የሚለውን የሚያውቁት በዕጣ ነው። በሐዋርያት ሥራም በይሁዳ ፈንታ አሥራ ሁለተኛው ሐዋርያ ሲመረጥ፣ አስቀድሞ ሁለት ሰዎች ተመርጠው ቀረቡ፤ በመጨረሻ ዕጣው ለማትያስ ወጣ። በነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሥርዐት ይታያል፤ ዕጣው የመጣው በመጨረሻ ነው። መሬቱ ሳይለካ ዕጣ አይጣልም፤ የዕቁቡ ገንዘብ ሳይሰበሰብ ዕጣ አይወጣም፤ ወረቀቱም ደጋግሞ ሳይቈጠር አገዳ አይመዘዝም። ሰው በጥረቱ ሊያውቀው የሚችለውን ሁሉ ካወቀ በኋላ፣ ሊያውቀው የማይችለው ብቻ ለዕጣ ይቀራል። ከቈጠራ ስንፍና የተነሣ ወደ ዕጣ መሮጥ ግን ከዳኝነት መሸሽ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዕጣው ለዓይን የሚታይ መሆን አለበት። ስለዚህ ነገር ከስዊስ አገር የተገኘ ታሪክ አለ። ቲቺኖ የሚባለው ክፍለ አገር በአልፕስ ተራራ በደቡብ በኩል ያለ፣ የጣልያንኛ ቋንቋ የሚነገርበት ሸለቆማ አገር ነው። በ2011 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ለአገሪቱ ሸንጎ በተደረገው ምርጫ በዚያ ከአንድ ወገን የሆኑ ሁለት ዕጩዎች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ እያንዳንዳቸው 23,979 ድምፅ አገኙ። ሹማምንቱ ዕጣውን በኮምፒዩተር አወጡ፤ ለሴቲቱ ወጣ። ነገሩ በይግባኝ ወደ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም በኮምፒዩተር የወጣውን ዕጣ ሽሮ በሰው እጅ እንደ ገና እንዲወጣ አዘዘ። ኖቬምበር 25 ቀን 2011 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት በእጅ ሲወጣ ዕጣው ለወንዱ ሆነ፤ ስሙ ማርኮ ሮማኖ ይባላል፤ እርሱም ወደ ሸንጎው ገባ። በዚህ የማይደነቅ ማን ነው? በጥበብ የታወቀ አገር፣ ሰዓቱ ለዓለም ሁሉ ምሳሌ የሆነ አገር፣ ኮምፒዩተሩን ትቶ ወደ ሰው እጅ ተመለሰ። ኮምፒዩተሩ አበላ ያለ ሰው አልነበረም። ነገር ግን በውስጡ የሚሆነውን ቆሞ ያየ ሰው የለም፤ ከማኅደር ውስጥ የምትወጣ ወረቀት ግን ለሊቁም ለእረኛውም እኩል ትታያለች። በዚያም በዚህም የጠፋባትና የወጣለት ሰው አንድ ጊዜ ተለዋውጠዋል፤ ለሴቲቱ ነገሩ ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

መምህሩ ይህን ትምህርት ለልጆቹ በቃል ብቻ ከሚነግራቸው በክፍል ውስጥ ቢያሠራቸው ይሻላል። ለክፍሉ አለቃነት ሁለት ልጆች ይወዳደሩ። መራጮቹ ልጆች እያንዳንዳቸው በግርግዳ ማዶ ወይም በመጋረጃ ኋላ ሆነው ለአንደኛው ባቄላ፣ ለሁለተኛው በቆሎ በማሰሮ ይጨምሩ። ማሰሮው አስቀድሞ ተገልብጦ ባዶ መሆኑ ይታይ። ከመምረጣቸው በፊት ስንት ልጅ እንዳለ በሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ከማሰሮው የወጣው ፍሬ ሲቈጠርም ከዚህ ቍጥር ጋር ይተያይ። ቢበዛ ወይም ቢያንስ ልጆቹ ራሳቸው ምክንያቱን ይፈልጉ፤ መምህሩ ፈጥኖ አይንገራቸው። ከዚህ በኋላ መምህሩ ሆነ ብሎ አንዲት የተሰበረች ባቄላ ይጨምርና ትቈጠር ወይስ አትቈጠር ብሎ ይጠይቃቸው። የሚነሣው ክርክር መጽሐፍ ከሚያስተምረው ይልቅ ብዙ ያስተምራቸዋል፤ ለራሱ ወገን ሲሆን ትቈጠር ያለ ልጅ ለሌላው ሲሆን አትቈጠር ማለቱን በገዛ ጆሮው ይሰማዋልና። ስለዚህ የተሰበረች ፍሬ ሕጓ ምን እንደ ሆነ ማሰሮው ሳይከፈት በፊት መወሰን እንዳለበት ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ድምፁ እኩል ቢወጣ ምን እንደሚደረግም እንዲሁ አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ ይጻፍ። እኩል ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ሕግ፣ ማን እንዲጠቀምበት እንደ ተጻፈ ሁሉ ያውቃል።

በሒሳብ ትምህርትም ይህን የምክር ቤት ቍጥር መጠቀም ይቻላል። በ2013 ዓ.ም. የነበረውንና በ2017 ዓ.ም. የወጣውን ጐን ለጐን ጽፎ፣ ሌበር ስንት ወንበር እንደ ጐደለበት፣ ኮንሰርቫቲቩ ስንት እንደ ጨመረ፣ ሊበራል ዴሞክራት ከ11 ወደ 3 ሲወርድ ከሦስቱ አንዱ በአገዳ የተገኘ መሆኑን ልጆቹ ይፈልጉት። ሁለቱም ዝርዝር ተደምሮ 67 መምጣቱንም ይመርምሩ፤ ድምሩ ያልመጣለት ልጅ እንደ ምርጫው ሹም ዳግመኛ ይቍጠር። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ፣ በ33 ሰው የሚያስተዳድር ወገን የተቀሩት 34 ሰዎች በአንድነት ቢቃወሙት ምን እንደሚሆን፣ ከተቃዋሚዎቹ ሁለት ሰዎች በሕመም ቢቀሩስ ምን እንደሚሆን ቢጠየቁ፣ ምክር ቤት በየስብሰባው የሚቈጠር እንጂ አንድ ጊዜ ተቈጥሮ የሚቀር ነገር አለመሆኑን ያስተውላሉ።

በኖርዘምበርላንድ አራቱ ዓመት ሲፈጸም ምርጫው የወረርሽኝ በሽታ ባለበት ወራት ስለ ደረሰ፣ በሜይ 2021 ዓ.ም. ሕዝቡ አፉን ሸፍኖ ወደ ምርጫው ቤት ሄደ። ሣጥኖቹ ተከፍተው፣ ወረቀቱ ተቀላቅሎ፣ ወኪሎቹም በዙሪያው ቆመው ሲቈጠር ሌበር 21 ወንበር አገኘ። ኮንሰርቫቲቩ ወገን ያገኘው 34 ሆነ፤ ከአራት ዓመት በፊት በአንድ አገዳ ያመለጠችው ወንበር በቍጥር ተመለሰችለት።